ፈረሴ አመለኛ ነው ወይስ አሞታል? ሐኪሙንስ እንዴት ላናግረው?

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት እህቴ። ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የ11 ዓመት የተኮላሸ ዳማ ፈረስ አላት፣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ መጣል ከጀመረ፣ የሆዱ ማሰሪያ ሲጠብቅ ዞሮ ሊነክስ ይሞክራል፣ ሲጋለብ ጭራውን ያማታል፣ ወደ ግራ ሲዞር ግልቢያውን ቶሎ ቶሎ ያቋርጣል፣ ድርቆሹንም እንደድሮው አይጨርስም። አሰልጣኙ አመል ነው፣ ጠንከር በይበት አላት። ሐኪም መጣ፣ ጋጡ ውስጥ አየው፣ አያነክስም ብሎ የአምስት ቀን ቢዩት የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። በነዛ ቀናት ፈረሱ ሌላ ፈረስ ሆነ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ደግማ ስትደውል "ትንሽ ጠብቂው" ተባለች። የተረፈኝን ቢዩት ልስጠው ወይ፣ ሐኪሙን ሳላስቀይም እንዴት ነው የምከራከርለት፣ ደግሞ የጨጓራ ፓስታ (በአፍ የሚሰጥ እንደ ቅባት ያለ መድኃኒት) ግዢለት ይሉኛል ልግዛ ወይ ነው ጥያቄዋ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ስራዬ በብዛት ፈረስ ላይ ነው። ሳላየው ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፣ ማንም በጽሁፍ ምን እንደሆነ ነገረኝ ካልሽም አትመኚው። ግን ከጻፍሽው ውስጥ አንቺ ራስሽ እንደዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የያዝኩት እሱን ነው። በቢዩት ተሻለው ብለሻል።

ቢዩት ማለት ፌኒልቡታዞን ነው፣ ሕመምና እብጠት ይቀንሳል፣ በቃ። አመል አያርምም። ፈረሱ ስለናቀሽ ወይም ስለሰነፈ ቢሆን እምቢ የሚለው፣ የሕመም ማስታገሻ ስለበላ ብቻ ሸጋ አይሆንልሽም ነበር። ስለዚህ ያ አምስት ቀን ሕክምና ብቻ ሳይሆን ሳይታሰብ የተደረገ ምርመራም ነበር፣ ውጤቱም "የሆነ ቦታ ያመዋል" የሚል ነው። ይሄንን ነው ለሐኪሙ መጀመሪያ መንገር ያለብሽ፣ በስልክ "አሁንም አልተሻለውም" ስትዪው የሚሰማው ቅሬታ ነው፣ "መድኃኒቱ ላይ እያለ ኮርቻ ያለችግር ይጫን ነበር፣ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰበት" ስትዪው ግን የሚሰማው የሕክምና መረጃ ነው። ሁለቱ ያንድ ነገር ሁለት አነጋገር ይመስላሉ ግን አይደሉም።

በነገራችን ላይ ተገላቢጦሹ አይሰራም። በቢዩት ያልተሻለው ፈረስ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ በቢዩት የማይሻሉ ሕመሞች አሉ፣ ከነርቭ የሚመጣ አለ፣ ስር የሰደደ የጀርባ ሕመም አለ። የጨጓራ ቁስለትማ ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። ለዛም ነው ያንቺ ፈረስ በቢዩት መሻሉ ወደ እግር፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ መገጣጠሚያ እንዳይ የሚያደርገኝ፣ ጨጓራ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም፣ ለወራት የታመመ ፈረስ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

የተረፈውን ልስጠው ላልሽው፣ አይ፣ አትስጪው። አንደኛ ቢዩት በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መሀል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን መጠንና የሚቀጥሉት ቀናት መጠን እንኳን ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። መድኃኒቱ ሕመሙን የሚቀንሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመከልከል ነው፣ ችግሩ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ራሱን የሚጠብቀው፣ ኩላሊትም ደሙን የሚያገኘው በዚሁ ንጥረ ነገር እየታገዘ ነው። ስለዚህ ብዙ ወይም ረዥም ጊዜ ሲሆን፣ በተለይ ፈረሱ ውሃ ካነሰው፣ ጨጓራውንም ትልቁን አንጀቱንም ኩላሊቱንም ይጎዳል። ሌላ ሰው ደግሞ ቁርጠት መስሎት ፍሉኒክሲን ቢጨምርበት ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው፣ ጥቅሙ እጥፍ አይሆንም፣ ጉዳቱ ግን ይደረባል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፣ ሐኪሙ ሊያየው ሲመጣ ፈረሱ ማስታገሻ ላይ ከሆነ የሚታይ ነገር አይኖርም። ምልክቱን ደብቀሽ ምርመራ ትጠይቂያለሽ ማለት ነው። ሐኪሙ ራሱ እንደ ሙከራ በድጋሚ ሊያዘው ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ መጠኑም ቀኑም ምን እንደሚታይም ታውቆ ነው የሚደረገው።

አሁን ወደ "አመል ነው" እንምጣ፣ ይሄ ነገር ያበሳጨኛል ሳልዋሽሽ። አሰልጣኝሽን መጥፎ ሰው ነው ለማለት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ሲያድግ የተማረው እንደዛ ነው። ግን ፈረስ የሚታደን እንስሳ ነው፣ ሕመሙን የሚያሳይ ፈረስ ቀድሞ በአውሬ የሚበላ ነበር፣ ስለዚህ ካልባሰበት በስተቀር አያቃስትም፣ አያነክስም፣ የሚናገረው በትናንሽ ነገር ነው። እሱን ደግሞ ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የፈረስ ፊት ላይ ሕመም መለኪያ አለ፣ ስድስት ነገር ነው የሚያየው፦ ወደ ኋላ የተገተረ ጆሮ፣ የጠበበ ዓይን፣ ከዓይን በላይ ያለው አካባቢ መወጠር፣ የመንጋጋ ጡንቻ ፈጦ መውጣት፣ የተጨበጠ አፍና አገጭ፣ የተወጠረ አፍንጫ። አንዴ ካወቅሽው በኋላ ሳታዪው ማለፍ አትችዪም።

ሲጋለብ ደግሞ ሌላ አለ። ሱ ዳይሰን የምትባል እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው፣ 24 ባህሪያትን የያዘ ዝርዝር ነው። ጆሮን 5 ሰከንድና ከዛ በላይ ወደ ኋላ መጣል፣ አፍን ደጋግሞ መክፈት፣ ምላስ ማውጣት፣ ጭራን በኃይል ማማታት፣ ጭራን ወደ አንድ ጎን ይዞ መሄድ፣ በግልቢያ ላይ እግር ደጋግሞ መቀያየር፣ ሳይታዘዝ ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ መውረድ፣ መደናቀፍ፣ የኋላ እግሩን ጫፍ መጎተት፣ ወደፊት አልሄድም ማለት፣ መራገጥ፣ የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላ እግሮቹ መቆም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንድ ሁለቱ ጤነኛ ፈረስ ላይም ይታያል፣ አንዱ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። ከ24ቱ 8ና ከዛ በላይ ከታየ ግን የአጥንት፣ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም የመኖሩ ነገር ከፍ ያለ ነው። አንቺ ጽሁፍሽ ውስጥ ብቻ ሁለት ሦስቱን ጠቅሰሻል፣ ቁጭ ብለሽ ቪዲዮ እያየሽ ብትቆጥሪ ስንት እንደሚሆን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሰዉ ፈረሴ አያነክስም ሲል ምን ያህል ትክክል ነው ካልሽ ደግሞ፣ ያቺው ዳይሰን ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ባለቤቶቻቸው ጤነኛ ናቸው ብለው በየቀኑ የሚያሰሯቸውን 506 ፈረሶች አይተው ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሲያነክሱ ወይም ሕመም ሲያሳዩ ተገኝተዋል። ሁለቱ ከሰሩት የወጣ ሌላ ነገር ደግሞ ላንቺ ይጠቅምሻል፦ ኮርቻው ሁሌ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኋላ እግር ማነከስ ነው፣ ያመመው እግር ሲደነዝዝ ኮርቻውም ይስተካከላል። ከወረድሽ በኋላ ኮርቻው መሀል ላይ መሆኑን ከኋላ ቆመሽ እዪው፣ ፎቶም አንሺው።

እሺ፣ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት ምን ታዘጋጃለሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው ምክንያቱም የባለቤት ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። ሐኪም ፈረሱን የሚያየው ለተወሰነ ደቂቃ ነው፣ ያውም መኪና ሰምቶ፣ እንግዳ ሰው አይቶ፣ ልቡ ተነስቶ ባለበት ሰዓት፣ በዛ ሰዓት ያለው ድንጋጤ ብቻውን ሕመም ይሸፍናል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ታዪዋለሽ። ከሐኪሙ የምትበልጪው በዚህ ብቻ ነው፣ በዚህ ግን በጣም ትበልጪዋለሽ፣ ስለዚህ በእውቀት ልከራከር ብለሽ አትሂጂ፣ ያየሽውን ይዘሽ ሂጂ።

ቪዲዮ። ስልክ ሁሉም ሰው ጋ አለ ግን የሚላክልኝ ቪዲዮ ግማሹ ለምንም አይሆንም፣ ወይ ከኮርቻ በላይ ብቻ ነው፣ ወይ እየሮጡ የቀረጹት ነው። እንዲህ አድርጊው፦ ደረቅና ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሰው ይሳበው፣ ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ (አንገቱን ከያዘው የራሱ እንቅስቃሴ አይታይም)፣ ካንቺ እየራቀ በሶምሶማ ይሂድ፣ ይመለስ፣ ከዛ በጎን በኩል ይለፍ። ስልኩን በወርዱ ያዢው፣ ሰኮናውም ጆሮውም ይግባ። ቀጥሎ በረዥም ገመድ በሁለቱም አቅጣጫ ክብ ይዙር። የፊት እግሩን ካመመው ያመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ራሱ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያየው፣ ዝቅ ባለበት በኩል አሞታል ይላል።

ከሁሉም የምወደው ቪዲዮ ግን ኮርቻ ሲጫን የሚቀረጸው ነው። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊው፣ ወደ ፊቱ ይዙር፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ። ከዛ እንደወትሮሽ ጫኚ። በኋላ ቀስ አድርገሽ ስታዪው ማሰሪያው ከመነካቱ በፊት፣ ገና እጅሽ ወደ ሆዱ ሲሄድ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ሲሰበሰብና አፍንጫው ሲወጠር ካየሽ፣ ያ ፈረስ የሚመጣውን ያውቃል ማለት ነው። አንዲት ደንበኛ ይሄንን ቪዲዮ አምጥታልኝ ነበር፣ ፈረሱ ሳይነካ በፊት አንዴ ማኘክ ያቆማል፣ ድርቆሹ አፉ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ይላል። ጋጥ ውስጥ ቆሜ ባየው ያቺን ነገር አላያትም ነበር። ቀጥታ ደረቱና የጎድን አጥንቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

ከዛ ቁጥሮች። ቴርሞሜትርና ስቴቶስኮፕ ያዢ፣ ውድ መሆን የለባቸውም። በእረፍት ላይ ያለ ትልቅ ፈረስ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ አተነፋፈሱ ከ8 እስከ 16። ግን እነዚህ ያጠቃላይ ፈረስ ናቸው፣ አንቺ የምትፈልጊው ያንቺን ፈረስ ነው። ሁሌ 30 የሚመታ ልብ ዛሬ 44 ከሆነ መጽሐፉ ደህና ነው ይልሻል፣ ፈረሱ ግን ደህና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሲደላው ለክተሽ ጻፊ፣ ጠዋት፣ ሳይሰራ፣ ሳይበላ። የልብ ምት ስቴቶስኮፕ ከሌለሽ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከጉንጩ ጡንቻ ፊት ለፊት፣ በጣትሽ ስትዳብሺ እንደ እርሳስ የምትንሸራተት የደም ስር አለች፣ እሷ ላይ በቀስታ ተጫኚ፣ በአውራ ጣት አይሁን፣ የራስሽን ምት ትቆጥሪያለሽ። 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 አባዢ። በስቴቶስኮፕ ከሆነ በግራ ክንዱ ክርን ስር፣ ላብ ዳብ የሚለው ድምጽ ሁለት ሳይሆን አንድ ነው የሚቆጠረው።

የሰኮናውንም ምት ልመጂ። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ በግራና በቀኝ በኩል ነው፣ በጤነኛ ጊዜ እንደውም ለማግኘት ታስቸግራለች። አንድ እግር ላይ ብቻ ጎልታ ስትመታ ሰኮና ውስጥ መግል ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም የፊት እግሮች ላይ ከሆነ ላሚናይቲስ (የሰኮናው ውስጥ የሚያም እብጠት) እንጠረጥራለን፣ ያ ደግሞ እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ድርቆሹን አይጨርስም ያልሽውንም በቁጥር አድርጊው። ለቀኑ የሰጠሽውን መዝኚ፣ የተረፈውን መዝኚ። ፈረስ በደረቅ ክብደት (ውስጡ ያለው ውሃ ሳይቆጠር) ቢያንስ የሰውነቱን 1.5 በመቶ የሚያህል ድርቆሽ ወይም ሳር ያስፈልገዋል፣ 500 ኪሎ ለሚመዝን 7.5 ኪሎ ማለት ነው። ክብደቱን ሚዛን ከሌለ በሜትር ማወቅ ይቻላል፣ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲሜትር ለክተሽ በራሱ አባዢው፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት አባዢው፣ ለ11,877 አካፍዪው፣ የሚመጣው ኪሎው ነው። ግምት ነው ግን በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ቦታ ከለካሽ መቀነስና መጨመሩን ታውቂያለሽ። መሬት ላይ ደግሞ ተጠቅልሎ የተተፋ፣ ግማሹ የታኘከ ድርቆሽ ካገኘሽ ጥርሱ ነው፣ ወይም ጥርሱም ነው። የፈረስ ጥርስ ሕይወቱን ሙሉ እየወጣ እየተፋቀ ነው የሚኖረው፣ የላይኛው በውጭ በኩል የታችኛው በውስጥ በኩል ስለት ያወጣል፣ ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል። በዓመት አንዴ መታየት አለበት፣ ሲታይም አፍ መክፈቻ ተደርጎለት በመብራት ውስጡ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜም በማደንዘዣ መርፌ ተረጋግቶ ነው። ምላሱን ጎትቶ በጨረፍታ ያየ ሰው ጥርሱን አየሁት ማለት አይችልም።

አሁን ውይይቱ ራሱ። ሐኪሙን እንደ ተከሳሽ አታናግሪው። ለሙያ አጋሮቼ ስል አይደለም፣ የሚሰራው ይሄ ስለሆነ ነው። "ጋጥ ውስጥ ብቻ አይተኸው ሄድክ" ብትዪው እውነት ነው፣ ግን ከዛ በኋላ ራሱን ሲከላከል ነው የሚውለው። እንዲህ በዪው፦ "በቢዩት ጊዜ ተሻለው፣ ካቆመ በኋላ ተመለሰ፣ ቪዲዮ አለኝ፣ የሚታየው ሲጋለብ ስለሆነ እየተጋለበ እንድታየው ነው የምፈልገው።" ይሄ ጥያቄ ግልጽ ነው፣ እምቢ ለማለትም አይመችም። ደግሞ የበሽታ ስም ይዘሽ አትሂጂ። "ጀርባው አጥንቱ ተነካክቶ ነው" ብለሽ ከጀመርሽ ወይ ሊያስተባብልሽ ይሞክራል ወይ ደግሞ ተከትሎሽ ጀርባውን ኤክስሬይ ያነሳና ሌላውን ሳያይ ይቀራል፣ ሁለተኛው ይብሳል እንደውም። ኤክስሬይ ቅርጽ ነው የሚያሳየው፣ ሕመም አያሳይም፣ ጀርባቸው በፎቶ አስቀያሚ ሆኖ ምንም የማይላቸው ፈረሶች አሉ። መጀመሪያ ሕመሙ የት እንደሆነ ይፈለጋል፣ በሶምሶማ፣ በክብ፣ መገጣጠሚያ በማጠፍ፣ ከኮርቻ ላይ፣ ከዛም እግሩን ከታች ወደ ላይ በየደረጃው በመርፌ እያደነዘዙ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚሻለው በማየት። ቦታው ሲታወቅ ነው ፎቶና አልትራሳውንድ ዋጋ የሚኖራቸው።

ሲጨርስ ሦስት ነገር ጠይቂው፣ መልሱን እዛው ጻፊ። ምን ምን ጠረጠርክ፣ ከመካከላቸው ዝም ብንለው የሚከፋው የቱ ነው፣ ካልተሻለው በስንት ቀን ነው የምንገናኘው። ሦስተኛዋን በተለይ አትተያት። "ትንሽ ጠብቂው" የሚለው ነገር የከፋው ቀን ስለሌለው ነው። መጠበቅ ራሱ ትክክለኛ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ቀን ካለው፣ ምን እያየን እንደምንጠብቅ ከታወቀ።

ስለ ገንዘብም ቀድመሽ ተናገሪ፣ ማፈር የለም። ይሄን ያህል ነው ያለኝ፣ በዚህ ውስጥ መጀመሪያ የትኛውን ምርመራ ታደርጋለህ በዪው። አቅምሽን የማያውቅ ሐኪም ወይ የማትችዪውን ይዘረዝርልሻል ወይ ደግሞ አትችልም ብሎ ገምቶ ምንም ሳይነግርሽ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚሆነው።

ሌላ ሐኪም ላሳይ ወይ ካልሽም፣ አዎ ትችያለሽ፣ ነውር አይደለም። ግን በስርቆት አታድርጊው። ለመጀመሪያው "ሌላ ሰውም እንዲያየው ፈልጌያለሁ፣ የምታምነው ሰው አለ? ያደረግከውንም ጽፈህ ስጠኝ" በዪው። ደህና ሐኪም አይቀየምም፣ ከተቀየመም ያው መረጃ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ የተሰጠውን ሁሉ ንገሪው፣ ሰው ጠቁሞሽ የሰጠሽውንም ቢሆን፣ ለእኔ የሚዋሹኝ ብዙዎቹ የሚዋሹት እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ሳላውቅ መርፌ ስጨምርበት የሚጎዳው እሱ ነው።

አሰልጣኙን በተመለከተ አጭር ነው። ፈረሱ ያንቺ ነው። እስኪመረመር አይጋለብም ብለሽ ንገሪው፣ ጨዋ ሆነሽ፣ ክርክር ሳትከፍቺ፣ ሐኪሙ እስኪያየው ነው ማለት ይበቃል። አመል ከሆነም በሁለት ሳምንት እረፍት አይጠፋም፣ ሲመለስ ያገኘዋል፣ ሕመም ከሆነ ግን በዱላ እየተሰራ በቆየ ቁጥር ሕመሙ ሲተወው እንኳን ፍርሃቱ አይተወውም፣ ከዛ በኋላ በእርግጥም አመለኛ ፈረስ ይኖርሻል። ጋጡ ላይ ደግሞ ጽሁፍ ለጥፊ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ያንቺ ስልክ፣ ያለ እኔ ፈቃድ መድኃኒት አይሰጠው የሚል። ኮርቻውንም በዚሁ እረፍት ጊዜ የሚገባው ሰው ይየው፣ የፈረስ ጀርባ ቅርጹ ይቀያየራል፣ አምና ልኩ የነበረ ዘንድሮ ልኩ ላይሆን ይችላል።

ያልጠየቅሽው ግን ልጨምረው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ጊዜ ላለው ነገር ነው። መሬት ከቆፈረ፣ ጎኑን ዞሮ ካየ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ልቡ አርፎ ከ60 በላይ ከመታ፣ ማስታወሻ ደብተር ምናምን አያስፈልግም፣ ደውዪ። በአፉ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አታፍስሺበት፣ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ ጨጓራው ከሞላ የሚወጣበት መንገድ የለውም፣ የፈሰሰው ደግሞ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የተጨፈነ ዓይንም የዛሬ ነገር ነው። እግሩን ጭራሽ የማይረግጥ ከሆነም፣ መገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ቁስልም እንደዛው፣ ትንሽ ብትሆንም፣ እንደውም ትንሽ ስለሆነች ነው የምትናቀው። ሰኮናው ውስጥ ሚስማር ካየሽ እየገባ ካልሄደ በስተቀር ከመንቀልሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ደውዪ፣ በየት በኩል ምን ያህል እንደገባ ማወቅ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ዛሬ ደህና እያለ ወስኚ፣ ቁርጠት ይዞት ቀዶ ጥገና ካለ ትስማሚያለሽ ወይ፣ አንቺ ስልክ ባታነሺ ማን ይወስናል፣ መዳን ባይችል እንዲያርፍ የሚፈቅደው ማን ነው። እነዚህን በሌሊት፣ ፈረሱ መሬት ላይ ሆኖ ማሰብ አይቻልም።

በመጨረሻ የጨጓራው ፓስታ። ውስጡ ያለው ኦሜፕራዞል ነው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ምክንያቱ ሲኖር። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም ቀኑን ሙሉ አሲድ ያመነጫል፣ ለዛ ነው ለረዥም ሰዓት ባዶውን የሚቆም ፈረስ የሚቆስለው፣ ስለዚህ ከፓስታው በፊት ድርቆሹ ሳይቋረጥ እንዲቀርብለት አድርጊ። ፓስታውን ግን ከምርመራው በፊት አትጀምሪ። ቁስለት መኖሩን በእርግጠኝነት የሚያሳየው በአፍንጫው የሚገባ ካሜራ ብቻ ነው፣ አስቀድመሽ ካከምሽው ካሜራው የሚያየው ግማሽ የዳነ ጨጓራ ይሆናል፣ ቦታውም አይለይም። ቦታው ደግሞ ልዩነት ያመጣል፣ በላይኛው ክፍል ያለው ብዙ ጊዜ በአራት ሳምንት ገደማ ሕክምና ጥሩ ይድናል፣ በታችኛው ክፍል ያለው በኦሜፕራዞል ብቻ እምብዛም አይድንም፣ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል። የሰው እንክብል እሰጠዋለሁ ካልሽም መድኃኒቱ ከአሲድ ካልተሸፈነ ጨጓራ ውስጥ ይበላሻል፣ እንክብሉን ፈጭተሽ መኖ ላይ በተንሽው ማለት ደግሞ ሽፋኑን ራስሽ አነሳሽው ማለት ነው። ካሜራው ከተያዘልሽ ከዋዜማው ጀምሮ ወደ 16 ሰዓት ገደማ ምግብ አይቀምስም፣ ጋጡ ውስጥ ጭድ ተነጥፎ ከሆነ አንሺው፣ ሲርበው እሱን ይበላና ጨጓራው ሞልቶ ምርመራው ይሰረዛል፣ የውሃውን ሰዓት ሐኪሙ ይነግርሻል። ቪዲዮዎቹን በስልክሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ካሜራው ሳይገባ በፊት አሳዪው።